የበርሜሉ ድምፅ

ቤዝቦል የለመድኩት ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ከፕሪሚየር ሊግ እንደምታውቁት ዓይነት የፋንታሲ ቡድንም ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዱ ኳስ ወርዋሪዬ ሂውስተን ላይ በአስትሮስ መቺዎች ክፉኛ ተመታ። በማግስቱ ከቡድኔ አባረርኩት፤ «ሰነፍ» እያልኩም ጓደኞቼ ፊት አብጠለጠልኩት።

ጉዱ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አስትሮሶች በሜዳቸው፣ ኳስ ተቀባዩ በጣቱ ለወርዋሪው የሚያሳየውን ምልክት በካሜራ ይሰርቁ ነበር። ፈጣን ያልሆነ ኳስ ሊመጣ ሲል የቆሻሻ በርሜል ይደበድባሉ፤ መቺው ሰምቶ ይዘጋጃል።

ሊጉ በ2020 ክለቡን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፤ አሰልጣኙንና ዋና ሥራ አስኪያጁን ለአንድ ዓመት አገደ። ተጫዋቾቹ አልተቀጡም፤ የ2017 ዋንጫም አልተነጠቀም።

የእኔ የፋንታሲ ነጥብ ቀልድ ነው። የቶሮንቶው ማይክ ቦልሲንገር ግን ኦገስት 4 ቀን 2017 እዚያው ሜዳ ላይ አራት ነጥብ ተቆጠረበት፤ ከዚያ ወዲህ በትልቁ ሊግ አልወረወረም። በኋላም ክስ መሥርቶ ነበር።

የማጭበርበር ትልቁ ክፋት የተበደለውን ሰው ሰነፍ ማሰኘቱ ነው። ስድቡን የምናቀብለው ደግሞ እኛ ተመልካቾች ነን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ አሁን ገብቶኛል።