ሁሉም ሆቴል፣ ሁሉም ጥብስ

እስቲ አጋሮ ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ጋ ግቡና «ምን አለ?» በሉ። አስተናጋጁ በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል፦ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ሽሮ፣ ፍርፍር። ጎረቤቱ ጋ ብትሄዱም ያው ነው። አንዱ ሲሳካለት ሌላው አጠገቡ ያንኑ ይከፍታል። የተሳካለትም ብር ሲይዝ ጅማ ወርዶ «ቁጥር 2» ብሎ ራሱን ይደግማል። የእኛ ምግብ ቤት የሚያድገው እንደዚህ ነው።

ነገሩ ያሳሰበኝ ታናሽ እህቴ ለስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን ብር ይዛ አጋሮ ላይ ቡና ቤት ልትከፍት ስለተነሳች ነው። ቡና ቤት ስላችሁ ቢራ የሚሸጥበትን ሳይሆን ቡና የሚሸጥበትን ነው (የቡና አገር ልጆች ሆነን ቡና ቤት ሲባል ቢራ ትዝ ይለናል እኮ!)። አጎታችን ግን በአንድ ቃል ዘጓት። «የአጋሮ ሰው ቤቱ ቡና እያለለት ወጥቶ ይገዛል? ጥብስ አድርጊው፤ የታወቀ ነው» አሏት።

የታወቀ ነገር በእርግጥ አስተማማኝ ነው? እኔ እንጃ።

ወደ አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊ ልውሰዳችሁ። ካሳሁን ጽጌ ተብሎ ተወለደ። እናቱን የሳንባ ነቀርሳ ሲነጥቀው እሱና እህቱ በጉዲፈቻ ስዊድን ገቡ፤ ዓለም የሚያውቀው ማርከስ ሳሙኤልሰን በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኒውዮርክ ውስጥ አኳቪት የሚባል የስዊድን ምግብ ቤት ሼፍ ሆኖ ከኒውዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ ሲያገኝ ገና ወጣት ነበር። በእኛ ልማድ ቢሆን ቀጥሎ «አኳቪት ቁጥር 2» ነበር የሚመጣው።

እሱ ግን በ2008 የአፍሪካ ምግብ የሚሸጥ «መርካቶ 55» የተባለ ቤት ይዞ ብቅ አለ። ኋላ ግን ተዘጋ። በ2010 ሃርለም ላይ «ሬድ ሩስተር»ን ከፈተ፤ የጥቁር አሜሪካውያን የተጠበሰ ዶሮና የስዊድን የሥጋ ድብልብል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። በ2015 «ስትሪትበርድ» የሚባል የዶሮ ቤት አስከተለ፤ እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። በ2017 ለንደን ላይ የተከፈተው ሬድ ሩስተርም ዛሬ የለም። ማያሚ፣ ባሃማስ፣ ዋሽንግተን ግን ተከተሉ፤ አዲስ አበባም በንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አናት ላይ በስሙ ቤት ተከፈተ። በ2022 ማንሃተን ላይ የከፈተውን ደግሞ «ሃቭ ኤንድ ማር» አለው። «ሃቭ» በስዊድንኛ ባሕር ነው። «ማር»ን ለጅማ ልጅ አልተረጉምም።

ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ሦስት ቤት ተዘግቶበትም ቆሟል። ቤቶቹ ስለሚለያዩ አንዱን የጎዳው ሌላውን የግድ አይጎዳውም። ከላይ የሚታየው ስሙ፣ ሜኑውና ወንበሩ ይለያያል፤ ከሥር ግን ስሙን፣ ልምዱንና ያሠለጠነውን ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል።

አሁን ወደ አጋሮ እንመለስ። ሁሉም ጥብስ ቤት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ቀን ይራባል። የሥጋ ዋጋ ሲንር ሁሉም ያቃስታል። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያኑ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ረመዳን ሲገባ ቀን ቀን ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ቡና ተለቅሞ ብር ሲገባ ሁሉም ይጠግባል፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። አጎቴ «የታወቀ» ያሉት አደጋ የሌለበት አይደለም፤ አደጋው የጋራ የሆነ ነው።

ደግሞ የተለየ ነገር የለንም እንዳይባል! ጮጬ፣ የቡና መገኛ ናት የምንላት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። የአካባቢያችን የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ገበሬዎች ድሮ ጀንፈል አድርቀው በርካሽ ይሸጡ ነበር። እሸት ቡና አጥበው ማዘጋጀት ከጀመሩ በኋላ በ2012 ቡናቸው ከአፍሪካ ምርጥ ተባለ። ቡናው ያው ነው፣ መሬቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው። ያንን ቡና ቶኪዮና ሲያትል ያለ ሰው «አጋሮ» የሚል ስም አንብቦ በውድ ይጠጣዋል። አጋሮ የመጣ እንግዳ ግን የት ገብቶ ነው የሚቀምሰው?

አጎቴ አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፤ የአጋሮ ሰው ቤቱ ያለውን ቡና ወጥቶ አይገዛም። ስለዚህ እህቴ ቤቱ የሌለውን ማቅረብ አለባት፦ የታጠበውንና ያልታጠበውን ጎን ለጎን ማስቀመስ፣ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ፣ ከጫካ ማር ጋር ትኩስ ዳቦ። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ማታ ትከፍታለች፤ በጾም ቅቤውን ትታ በማሩ ትሠራለች። ቤቱ በእግሩ ከቆመ ሁለተኛውን ሌላ ዓይነት ታድርገው።

ሊዘጋ ይችላል? ይችላል። ጥብስ ቤትም ይዘጋል፤ ልዩነቱ የጥብስ ቤት ሲዘጋ አጋሮ ምን እንዳጣች እንኳ አለማወቋ ነው።