ምድጃና መነጽር

«ፎከስ አድርግ!» የማይል ሰው ጠፋ፡፡ የእግር ኳስ አሠልጣኙ ለተጫዋቹ፣ አስተማሪው ለተማሪው፣ የስብሰባው መሪ ለሚያንቀላፋው ተሰብሳቢ ይህንኑ ቃል ይደጋግማል፡፡ እኔም ጋዜጠኝነት ስማር በዚሁ ቃል ተገሥጫለሁ፡፡ የፎቶግራፍ መምህራችን ያነሣሁትን ፎቶ አየና «ፎከስ ያደረግኸው እኮ ግድግዳውን ነው፤ ሰውየው የት አለ?» አለኝ፡፡ እውነቱን ነበር፡፡ የግድግዳው ስንጥቅ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰውየው ግን ጉም ለብሷል፡፡

የቃሉን የትውልድ ሐረግ ያወቅሁት ኋላ ነው፡፡ ፎከስ በላቲን ምድጃ ማለት ነው፤ እሳት የሚነድበት፣ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፡፡ ወደ ሳይንስ ያገባው የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ሲሆን፣ ጊዜውም 1604 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ምድጃው በየቦታው ተጎለተ፡፡ የፕላኔቶች ጎዳና ሞላላ ነውና ሁለት ፎከስ አለው፤ ፀሐይ የምትገኘው ከመካከሉ ሳይሆን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው፡፡ የመሬት መንቀጥቀጥ ከምድር ውስጥ የሚነሣበት ነጥብም ፎከስ ይባላል፡፡ በልጅነታችን በማጉያ መስታወት የፀሐይ ጨረር ሰብስበን ወረቀት ስናቃጥል ለካ ምድጃ መሥራታችን ኖሯል!

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩን ከደረት ውስጥ ያኖረዋል፡፡ «ልብ በል» እንላለን፡፡ «ቀልቡን ሰበሰበ» ስንልም ያው ነው፤ ቀልብ በዐረብኛ ልብ ነውና፡፡

ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ ከቤቴ ያለውን ነገር ልብ አላልኩም፡፡ እናቴ ጠዋት ጠዋት ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ዳዊት ትደግማለች፡፡ አንድ ቀን ሻይ ስጠብቅ አየኋት፡፡ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ገጹ ግን አይገለጥም፡፡

«እማዬ፣ ገጹን አልገለጥሽውም እኮ፡፡»

«ፊደሉ ከጠፋኝ ቆየ፡፡ በቃሌ ነው የምለው፡፡»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ! ክር አስገባልኝ እያልኩ መርፌ ስሰጥህ ምን መስሎህ ነበር?»

መልስ አጣሁ፡፡ ስንት ጊዜ ክሩን አስገብቼ መርፌውን መልሼላታለሁ! የመርፌውን ቀዳዳ አጥርቼ አይቻለሁ፤ የሰጠችኝን እናቴን ግን አላየሁም፡፡ ዳግመኛ ግድግዳውን ፎቶ አነሣሁ ማለት ነው፡፡

ሐኪሙ ነገሩ ቀላል መሆኑን አስረዳን፡፡ ሰው አርባን ሲያልፍ በዐይን ውስጥ ያለው ሌንስ መተጣጠፉን እየተወ ይሄዳል፤ የሩቁን እያየ የቅርቡ ይጠፋዋል፡፡ የእናቴስ በዕድሜ የመጣ ነው፡፡ የእኔው ግን በምን ይሆን?

የማንበቢያ መነጽር ተገዛላት፡፡ እንዳደረገችው መጀመሪያ ያየችው ዳዊቷን አልነበረም፡፡ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝና፣

«ውይ ልጄን! ሽበት ጀምሮሃል እንዴ?» አለች፡፡