ሳል፣ ሊጥና ማረሻ

ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ማስጠናት ተግባራችን ነው እንላለን። የምናስጠናውን ነገር ራሳችን አውቀነዋል ወይ ብለን የምንጠይቅ ግን ስንቶቻችን ነን? እኔ አልጠየቅሁም ነበር።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ማታ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ይህ እንዴት ይነበባል?» አለችኝ። ቃሉ «ኢነፍ» ነበር፤ በቂ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ተደርድረዋል። እኔም ወጥ እያማሰልኩ፣ ዘወር እንኳ ሳልል፣ «እነዚህ አራቱ አብረው ሲመጡ ‹አፍ› ተብለው ይነበባሉ፤ ያዢው» አልኳት። ያዘችው። ጠንካራ የሚለውን «ተፍ»፣ ሻካራ የሚለውን «ረፍ» በዚሁ ደንብ አነበበች።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ስለ ዳቦ አሠራር የሚናገር ምንባብ በክፍሉ ፊት እንድታነብ ታዛ፣ «ዶ» የሚባለውን ሊጥ «ደፍ» ብላ አንብባው ኖሮ ልጆቹ ሳቁባት። «አላጠናሽማ!» ብዬ ተቆጣኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንቺ እንዳልሽኝ ነው ያነበብኩት» አለች።

ያን ሌሊት መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። በእነዚያው አራት ፊደሎች የሚጻፈው ሳል «ኮፍ» ነው፤ ማረሻ ግን «ፕላው»፤ ምንም እንኳ የሚለው «ዞ»፤ በመካከል አልፎ የሚለው «ስሩ»፤ ሐሳብ ደግሞ «ሶት»። (የምላሱን ነገር በእኛ ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ይቸግራል።) ለካ ጂ እና ኤች ድሮ ከጉሮሮ ለሚወጣ፣ ለእኛ «ኸ» ለሚቀርብ ድምፅ የተጻፉ ናቸው። ድምፁ በአንዳንዱ ቃል ጠፋ፣ በሌላው ወደ «ፍ» ተለወጠ። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያን ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ፣ አነጋገሩ መለወጡን አላቆመም።

እኛስ ብንሆን? ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ግን አንድ ሆነዋል። ልጄ «ሐኪም»ን በሃሌታው «ሀ» ጽፋ ቀይ እስክሪብቶ ሲያርፍበት «ቋንቋው ነው» ብዬ አጽናናት የነበርኩ ሴት፣ በእንግሊዝኛው ለምን እንደጨከንኩ አላውቅም።

ደንቤን ሰረዝን። አሁን እያንዳንዱን ቃል ከነትርጉሙና ከነድምፁ፣ እንደ ሰው ስም ለየብቻው ነው የምንይዘው። ቅዳሜ ዳቦ ስናቦካ ሊጡ እጇ ላይ ተጣብቆ «ዶ! ዶ!» ትላለች። ክፍል ውስጥ ግን እስካሁን እጇን አታወጣም።

ባለፈው እሑድ መዝገበ ቃላቱን ስታገላብጥ ቆይታ አንድ ቃል አሳየችኝ፤ መጨረሻው ያው ሳል የሚለው ቃል ነው። እኔም ኮራ ብዬ «ሂክኮፍ» ብዬ አነበብኩላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ሂካፕ ነው እማዬ! ስቅታ!»