የባሕር ሰው ምን ይበላል?



ዛሬ ስለ ባሕር ሰዎች እናወጋለን። አዎ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ እንደኛ ስለሚናገሩ፣ እንደኛ ስለሚያገቡና ስለሚሞቱ ሰዎች። «ጎንደር ተቀምጦ የምን የባሕር ሰው ነው?» የሚል ካለ አንፈርድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ አላት፤ ከመካከላችንም ቀይ ባሕርን በዓይኑ ያየ አንድም የለም።

አምስት ነን። አዲስ ዓለም አብረን ያደግን ልጆች ስንሆን አንድ ረጅም የምናብ ታሪክ በጋራ መጻፍ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። (መፍጠር የአላህ ብቻ ነው፤ የኛ ሥራ ልብ ወለድ ነው። ጥያቄው እንደማይቀር ስለምናውቅ ቀድመን እንበለው።) የታሪካችን ዓለም ሦስት ሕዝብ አለው፤ የደጋ፣ የበረሃና የባሕር። የደጋው አላስቸገረንም። ስሜን አጠገባችን ነው፤ ብርዱንም፣ ገብሱንም፣ ገደሉንም እናውቀዋለን። የበረሃውንም ወደ መተማ ከሚመላለሱ ዘመዶቻችን ወሬ ለቃቅመን ሞላነው። የባሕሩ ግን ወራት ወሰደ።

የባሕር ሰው ሲባል ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ገላውን ነው። ጭራ ይኑረው ወይስ እግር? እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተንፍስ ወይስ እንደኛ በሳንባ? በጣቶቹ መካከል እንደ ዳክዬ ቆዳ ይዘርጋ? በዚህ ብዙ ሌሊት ተከራከርን። በኋላ ከመካከላችን የጤና ትምህርት የሚማረው ወንድማችን «ቆይ፣ አላህ እውነተኛውን ሰው ከውሃ ጋር እንዴት አድርጎ አስማማው? እስኪ መጀመሪያ እሱን እንይ» አለ።

ያገኘው ይኸውላችሁ። በኢንዶኔዢያ፣ በማሌዢያና በፊሊፒንስ ባሕሮች ባጃው የሚባል ሕዝብ አለ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት በጀልባና ውሃ ላይ በተተከሉ የእንጨት ቤቶች ኖረዋል። የእንጨት መነጽር አጥልቀው፣ ክብደት ታጥቀው፣ ያለ ምንም የአየር መሣሪያ እስከ 70 ሜትር ድረስ ይጠልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው የባጃዎች ጣፊያ በየብስ ከሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ጣፊያ በ50 በመቶ ያህል ይበልጣል። ጣፊያ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ያከማቻል፤ ሰው ሲጠልቅ ይኮማተርና ያንን ደም ለሰውነት ይለቃል። የሚገርመው ደግሞ ጠላቂ ያልሆኑት ባጃዎችም ጣፊያቸው ትልቅ መሆኑ ነው። በዘር የሚወረስ ስጦታ ነው ማለት ነው።

ሌላው ጥናት የኛው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በስሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሰው የአየሩን መሳሳት የሚቋቋመው በደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው። የአምባራስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚኖር ሰው ያህል ሆኖ ተገኘ። ሱብሐነላህ! ገብስ የሚያጭደው የስሜን ገበሬና ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቀው ባጃው ሁለቱም በአንድ ችግር፣ በአየር እጥረት ተፈትነው እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ መንገድ ተሰጣቸው። ከውጭ ስታያቸው ግን እንደ ማንኛችንም ናቸው። የኛ የባሕር ሰው ጭራውን ያጣው እዚህ ላይ ነው። እግር አለው፣ ሳንባ አለው፣ ትልቅ ጣፊያ አለው። በቃ።

ገላው ካለቀ በኋላ አንዷ እህታችን «ምን ይበላሉ? ከማን ጋርስ ይበላሉ?» ብላ ጠየቀች። እውነተኛው ሥራ ከዚህ ጀመረ።

ከአልፍ ለይላ ወለይላ ተረቶች ውስጥ አንዱ ስለ ሁለት ዐብደላሆች ነው። ድሃው ዓሣ አጥማጅ ዐብደላህ መረቡን ሲስብ ሰው ይወጣለታል። የዚያም ስሙ ዐብደላህ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ጭራ አለው። ይወዳጃሉ። የየብሱ ፍራፍሬ ያመጣል፣ የባሕሩ በምትኩ ጌጣጌጥና ዕንቁ ይሰጠዋል። አንድ ቀን የየብሱ ሰው ውሃ የሚያስችል ቅባት ተቀብቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። እዚያ ደግሞ መሳቂያው እሱ ይሆናል፤ ጭራ የለውማ! የባሕር ሰዎች መህር የሚቆጥሩት በገንዘብ ሳይሆን በዓሣ ነው፤ ሺህም ይሁን ሁለት ሺህ እንደ ስምምነታቸው። በመጨረሻ ወዳጅነታቸውን የሚያፈርሰውም የገላ ልዩነት አይደለም። የባሕር ሰዎች ሰው ሲሞት ይደሰታሉ፤ ነፍስ የአላህ አማና ናት፣ ባለቤቷ ሲወስዳት ምን ያስለቅሳል ብለው። የየብስ ሰዎች ግን እንደሚያለቅሱ ሲሰማ የባሕሩ ዐብደላህ ይደነግጣል። ወደ መዲና እንዲያደርስለት የሰጠውን አማና መልሶ ይወስድና ዳግመኛ አይታይም።

ባለታሪኩ ለጭራው አንድ ሁለት ቃል ሰጥቶ አልፏል። ረጅሙን ትረካ የሰጠው ለመህሩ፣ ለቀብሩና ለሣቁ ነው። ብዙ የዘመኑ ፊልሞች ከዚህ በተቃራኒ ሰማያዊ ቆዳና የሚያበራ ዓይን ላይ ገንዘባቸውን ጨርሰው ለሕዝቡ ወግ አንድ የሠርግ ወይም የለቅሶ ትዕይንት ብቻ ይተዉለታል። አንባቢ የማይስማማ ከሆነ እንከራከራለን፤ እኛ ግን ከአሮጌው ተራኪ ጋር ነን።

ቆይተን ያስተዋልነው ነገር ግን ይህን ሁሉ በሩቅ ስንፈልግ የውሃ ሕዝብ እዚሁ አጠገባችን መኖሩን ነው። ለጎንደሬ ባሕር ማለት ጣና ነው። ጎርጎራ ከከተማችን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነች። በጣና ዳርቻ ደግሞ ነገደ ወይጦ አለ።

ጣናን ዳር ሆኖ ታንኳ ያላየ ማን አለ? ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ምስማር የለ፣ ሳንቃ የለ። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲያረጅ ደግሞ ሌላ ይታሰራል። በዚህ ነገር ማገዶም ሰውም ሐይቁን ያቋርጣል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሣው ቀዳሚዎቹ ወይጦዎች ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቅርጫት ይሠራሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የታወቁት በጉማሬ አደን ነበር። በታንኳ ሆኖ ጉማሬን በጦር መግጠም ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት። የትኛውም የምናብ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ጀግና አያመጣም።

ወይጦዎች ሙስሊም ነን ይላሉ። የጉማሬ ሥጋ ስለበሉ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ራቃቸው። አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የጣናና የአባይ መጽሐፍ ስለ እነሱ ጽፏል፤ ከእሱ በፊትም በኋላም ብዙ ተመራማሪዎች መጥተዋል። የጉማሬው አደን ዛሬ የድሮ ወሬ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ መራቁ ግን ከሥጋው በላይ ዕድሜ አገኘ። ስማቸው ራሱ በአንዳንድ ሰው አፍ እንደ ስድብ ይወጣል።

በባሕር እንስሳ ላይ መዝሀቦች እንደሚለያዩ ኪታብ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። ሐነፊዮች ከዓሣ በቀር አይፈቅዱም፤ ማሊኪዮች ያሰፋሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1405 የሞቱት ደሚሪ ስለ እንስሳት በጻፉት ትልቅ ኪታብ ውስጥ «የውሃ ሰው» ለሚባለው ፍጡር እንኳ ቦታ ሰጥተው ሑክሙን አንሥተዋል። የጉማሬውን ጉዳይ ለዑለማዎች እንተወዋለን፤ ወሏሁ አዕለም። ግን አንድን ምግብ አለመብላት አንድ ነገር ነው፣ ሸሃዳ ከያዘ ሰው ጋር ለትውልድ ማዕድ አለመቁረስ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ከየትኛው ኪታብ አገኘነው?

እኛ የጎንደር ሙስሊሞች ደግሞ ማዕድ እንዴት አጥር እንደሚሆን የሚነግረን አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ቀሃ ወንዝ አጠገብ የነበረውን እስላም ቤትን አያቶቻችን ያነሡታል። እስከ ዛሬም የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፤ ሠርግ ሲሆን ለየብቻ ድግስ ይዘጋጃል። እኛ ለምደነዋል፤ ጎረቤቱ አክብሮ ለየብቻ ሲያዘጋጅልን ደስ ይለናል እንጂ አይከፋንም። ወይጦው ግን ለየብቻም የሚያዘጋጅለት አልነበረም።

ይህን ካነበብን በኋላ የታሪካችን የባሕር ሕዝብ ሌላ መልክ ያዘ። በፊት ከተማቸው ከዛጎል የተሠራ፣ ንጉሣቸው ባለ ዘውድ ነበር። አሁን ንጉሥ የላቸውም። ከደጋው ገበያ ዳር፣ መጨረሻው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። የደጋ ሰው ቅርጫታቸውን ይገዛል፣ ቡናቸውን ግን አይጠጣም። ሴቶቻቸው የሚጠርቡት ድንጋይ በየቤቱ እህል ይፈጫል፤ ድንጋዩን የጠረበችው ግን ከዚያ ዱቄት በተጋገረ እንጀራ አትጠራም። ይህን አንዱን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀን።

ቋንቋቸውም ተለወጠ። አንድ ደብተር ሙሉ የባሕር ቋንቋ አዘጋጅተን ነበር፤ ለማዕበል ብቻ ዘጠኝ ቃል ነበረን። ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ማንም በወጉ ሳይጽፈው ጠፋ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ተመራማሪዎች ሲመጡ ያገኟቸው አማርኛ ሲናገሩ ነበር፤ የተረፉት ጥቂት ለየት ያሉ ቃላት ብቻ ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬም ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመድቡት አልተስማሙም። ስለዚህ የኛም የባሕር ሰዎች የደጋውን ቋንቋ ይናገራሉ። ከዘጠኙ የማዕበል ቃላት ሁለት አስቀርተናል፤ እነሱንም የምታውቃቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ለልጅ ልጇ ስትነግረው ሕፃኑ ይስቃል።

እምቦጩንም አስገባነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው ያ አረም በተለይ በኛ በኩል ያለውን የደንቢያን ዳርቻ እንዴት እንደወረረው ታውቃላችሁ። ታንኳ አያሳልፍም፣ መረብ አያስጥልም። ለከተማ ሰው እምቦጭ የዜና ርዕስ ነው፤ ውሃው ቤቱ ለሆነ ሰው ግን በሩ ላይ የበቀለ ግድግዳ ነው።

አሁን ያልጨረስነው አንድ ምዕራፍ አለ። ቀኑ ጁሙዓ ነው። ከባሕሩ ሕዝብ አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጋው መስጂድ ይመጣል። ዉዱእ ሲያደርግ ከቧንቧው ረድፍ ላይ ያሉት ጠጋ ጠጋ ይሉና አንድ ቦታ ለብቻው ክፍት ይሆናል። ኢቃማ ይባላል። ሰፉ ይሠራል። እሱ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ በቀኙ አንድ የቡና ነጋዴ አለ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት። ኢማሙ ዞረው «ክፍተት አትተዉ» ይላሉ። ነጋዴው እግሩን ያስጠጋል ወይስ አያስጠጋም? ሦስታችን ያስጠጋል ብለናል። ሁለታችን ደግሞ ጎንደርን እናውቃታለን፣ መጀመሪያ ዘወር ብሎ የሚያየው ሰው መኖሩን ያጣራል ብለናል። እስካሁን አልተስማማንም።