ታሪክ ተምሮ ዶክተር መሆን ለማን ይጠቅማል?

በታሪክ ዶክትሬት መማር «ምን እንጀራ ይወጣዋል?» የሚሉ ወላጆች በፍኖተ ሰላም ብዙ ናቸው። የእንጀራውን ነገር አላህ ያውቃል። ነገር ግን ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸውና) እ.ኤ.አ. በ1985 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት የወሎን እስልምና አጥንተው ነው። ዶክተር አብዱሰመድ አሕመድም በ1986 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በጎጃም ንግድ ላይ ጽፈው ነው። ዐባይን እየተሻገሩ የነገዱ ሙስሊም አባቶቻችን ከታሪክ መዝገብ የገቡት በእንዲህ ያለ ድካም ነው።

በቡሬና በገጠሩ ግን ገና ያልተነካ ብዙ አለ፤ በሣጥን የተቆለፈ የውል ወረቀት፣ በኪታብ ዳር በዐረብኛ የተጻፈ የልደት ቀን። ይህን ለማንበብ የመድረሳው ዐረብኛ፣ ለመመርመር የዩኒቨርሲቲው ትምህርት፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወረቀቱ ይቆይ ይሆናል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ምረቃችንን አይጠብቁምና፣ ወጣቶች ሆይ፣ ቃላቸውን ከዛሬ ጀምራችሁ ቅዱ።