ስለ እምነት ማደግና ስለ እግር ጉዞ

ሕፃን ሲያድግ ልብሱ እንደሚጠበው ሁሉ፥ ሰውም በዕድሜ ሲገፋ የልጅነት እምነቱ የሚጠበው ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ልብሱን አውልቆ ጥሎ ራቁቱን ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በጠበበው ልብስ ተጨንቆ ይኖራል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበርሁ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከዚህ ጭንቀት እንዴት እንደ ወጣሁ ልንገርህ።

ያደግሁት በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርተ ክርስቶስን በጥያቄና በመልስ በቃሌ አጥንቼ፥ አንድ ቃል እንኳ ሳላዛንፍ እመልስ ነበር። አስተማሪ ከሆንሁ በኋላም ተማሪዎቼን ያንኑ አስጠናሁ። አንድ ቀን እናቱ የሞተችበት ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «እግዚአብሔር ሁሉን የሚችል ከሆነ ጸሎቴን ስለ ምን አልሰማኝም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በመጽሐፉ የተጻፈውን መልስ አልሁለትና፥ «ተቀመጥ» ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። በመልሱ ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን ያ ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ በክፍሌ ውስጥ እጁን አላወጣም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቴ ታማ ዐረፈች። የልጁ ጥያቄ የእኔ ጥያቄ ሆነ። መልሱን በቃሌ ዐውቀው ነበር፤ ሌሊት ብቻዬን በተቀመጥሁ ጊዜ ግን አላጽናናኝም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ መሄዴን አልተውሁም፤ በቤቴ ግን መጸለይ አቆምሁ። ይህንንም ለማንም አልተናገርሁም። ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሰው «ጠፋብኝ» ለማለት ያፍራልና።

ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፥ በስፔን አገር የምትኖረው ልጄ፥ «አባባ፥ ይምጡና ወደ ቅዱስ ያዕቆብ አብረን በእግር እንሂድ» ብላ ጠራችኝ። የጠራችኝ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ነው። የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር በዚያ ነው የሚለው ትውፊት ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲነገር ኖሮአል። ከፈረንሳይ ጠረፍ የሚነሣው መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተሳላሚነት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ግን ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ ለሄደ ነው። እኛም ከሳሪያ ከተማ ተነሥተን 115 ኪሎ ሜትር ያህሉን በአምስት ቀን ለመሄድ ወሰንን።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ፖርቶማሪን ደረስን። የጥንቱ መንደር በሚኞ ወንዝ ዳር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቤሌሳር ግድብ ሲሠራ፥ መንደሩ በውሃ እንደሚዋጥ ታወቀ። ስለዚህ ውሃው ሳይመጣ፥ በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን የቅዱስ ኒቆላዎስን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው፥ ቁጥር እየጻፉበት ወደ ኮረብታው አወጡትና እንደ ቀድሞው አድርገው መልሰው ሠሩት። ከድንጋዮቹ በአንዳንዶቹ ላይ ቁጥሩ ዛሬም ይታያል።

እኔም እጄን በአንዱ ቁጥር ላይ አሳርፌ ብዙ ጊዜ ቆምሁ። በልጅነቴ ያጠናሁት ትምህርተ ክርስቶስም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር ነበረው። የእኔ ውሃ በመጣ ጊዜ ግን አንድ ድንጋይ እንኳ ከቦታው አላነሣሁም፤ ሁሉንም በሸለቆው ትቼ፥ ስለ ምን ሰጠመብኝ ብዬ አዘንሁ። እምነቴ የጠፋው ድንጋዩ ሐሰት ስለ ሆነ አልነበረም። ተሸክሜ ዳገት መውጣት ስለ ነበረብኝና ስላልወጣሁ ነው።

በሦስተኛው ቀን የምንሄደው 29 ኪሎ ሜትር ነበረ። ከእኩለ ቀን በኋላ ጕልበቴ አበጠ። ልጄ ፈጣን ናት፤ ብትወድ ትታኝ በሄደች ነበር። እርስዋ ግን ሻንጣዬን ከራስዋ ሻንጣ ጋር ደርባ ተሸከመች፤ አንድም ቃል ሳትናገር በእኔ እርምጃ ልክ ሄደች። ሪባዲሶ ከተባለው መንደር ስንደርስ በወንዙ ዳር ተቀምጠን እግራችንን ውሃ ውስጥ ነከርን። በዚያን ጊዜ፥ «ልጄ፥ እናትሽ ካረፈች ጀምሮ አንቺ እንዴት ነሽ? እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም» አልኋት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፥ «አባባ፥ እኔስ እንዳልነግርዎ የፈራሁት፥ መልሱን ይነግሩኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

በክፍሌ እጁን ሳያወጣ የቀረው ልጅ በዚያች ሰዓት ፊቴ ድቅን አለብኝ። «ልጄ፥ እኔም መልሱ ጠፍቶብኛል» አልኋት። አብረን አለቀስን። ማታ በማረፊያው ቤት ሁለታችን «አባታችን ሆይ» ደገምን። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቅዳሴ ውጭ የጸለይሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነበረ።

በማግሥቱ ስንሄድ ስለ ኤማሁስ መንገድ አሰብሁ። ያን የወንጌል ታሪክ ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ጌታ ከሙታን ተነሥቶ ሁለቱን ያዘኑ ደቀ መዛሙርት ባገኛቸው ጊዜ፥ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር ተራመደ። ቀጥሎም ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ኀዘናቸውንም ሁሉ ሰማ። መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱን አላስቀረባቸውም፤ ነገር ግን እርምጃውና መስማቱ ቀደመ። እኔ ግን ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ኖሬአለሁ።

በአምስተኛው ቀን ሳንቲያጎ ገባን፤ ተሳለምን፥ የምስክር ወረቀቱንም ተቀበልን። እኔ ግን የደረስሁት በዚያ ወንዝ ዳር እንደ ነበረ ዐውቃለሁ። የባለቤቴ ኀዘን ዛሬም አለ። ጸሎቱም አለ፤ እንደ ድሮው ግን አያጣድፈኝም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በልጅነትህ የተማርኸውን አትናቅ፤ አንድ ቀን ቤት ትሠራበታለህ። ደግሞም ባለበት እንዲቆይልህ አትጠብቅ፤ ውሃው ሳይሞላ ተሸክመህ ዳገቱን ውጣ። ወደ ሩቅ አገር መሄድ ለሁሉ አይቻልም፤ ባዘነ ሰው እርምጃ ልክ መሄድ ግን በሰፈርም ይቻላል።

ያ ተማሪዬ ዛሬ የልጆች አባት የሚሆንበት ዕድሜ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢገባ፥ ጥያቄው መልካም ጥያቄ እንደ ነበረ፥ የአስተማሪው መልስም እንደ ቸኰለ ይወቅልኝ። ይቅርታም እለምነዋለሁ።