ውኃ የሚያሳድር መሬት

ጎንደር አጠገብ ያለውን የወለቃውን መሬት የመረጥኩት በዓይኔ ነው። የአባቴ ይዞታ ከደባርቁ መንገድ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ይጀምርና ቁልቁል እስከ ረግረጉ ይወርዳል። ጀምበር ስትጠልቅ ከጉብታው ላይ ሸንተረሩ ሁሉ ይታያል። እዚህ 60 ሜትር በ40 የሆነ ኩሬ፣ ዳር ዳሩን ወይራና ሾላ፣ መሐሉን የልጆች መዋኛና ትንንሽ ጀልባ ብዬ በልቤ ጨረስኩት። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ላይ እንደሚተኛ ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ምኞቱ ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረኝ። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል፤ ተባርኮ ሲያበቃ እየተንደረደርን ዘለን እንገባ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ይደርቅና ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይከርማል። የጎንደር ልጅ ከጥር ጥር ሳይጠብቅ የሚዋኝበት ቦታ እንዲኖር ከልቤ ፈልጌ ነበር። ግን በዚያ ገንዳ ስቦርቅ አድጌ ዋናውን ነገር አላየሁም፦ ገንዳው ያለው ዝቅ ካለ ሜዳ ላይ ነው፤ ቀሃ በራሱ ቁልቁለት ይደርስበታል። እኔ ውኃን ዳገት ላስወጣ ተነሣሁ።

ቁፋሮው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ጭቃ በማዳበሪያ ከረጢት አዝለው በእርሻው ጫፍ አለፉ። ለሙከራ ያስቆፈርኩትን ጉድጓድ አይተው ቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ ውኃ አያድርም።»

ካወጣነው አፈር ጭብጥ አድርገው አነሡ፣ እንትፍ ብለው አራሱት፣ በመዳፋቸው መሐል ሊያሾሩት ሲሞክሩ ፍርፍር አለ። ከከረጢታቸው ደግሞ ቆንጠር አድርገው ጥቁሩን ጭቃ እንደ ፈትል አቀጠኑት፤ በትንሿ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። አልተሰነጠቀም። ቀለበቱን ከጣታቸው አውልቀው ዘረጉልኝ። «ውኃ የሚያሳድረው ይኼ ነው» አሉ።

እኔ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

ኑዛዜዬ ይህች ናት፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው። መሐንዲስ ቢነግረኝ ቁፋሮውን አቆም ነበር፤ ገበሬ ቢነግረኝ ቢያንስ አድሬ አስብበት ነበር። አያቴ ሸክላ ሠሪ በደጅ ስታልፍ የምግቡን ሳህን በነጠላ ትሸፍን ነበር። ተምሬ፣ አዲስ አበባ ኖሬ፣ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» የሚሉ ሰዎችን በየቡናው ስገሥጽ ከርሜ፣ እጄ ግን የአያቴ እጅ ሆኖ ተገኘ። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር እንደነበረች የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ብዙዎቹ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው ኖሩባት። ርስት የተነፈጉት ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። አፈሩን በጣታቸው የሚያውቁት መሬት አልነበራቸውም።

ኤክስካቫተሩ ገረጋንቲ አወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን በየደጁ ከተቆፈሩት የውኃ ማቆሪያዎች ብዙዎቹ ውኃቸው ሰርጎ መድረቃቸውን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ከሥር የሚነጠፈው ውኃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬኑ፣ ውድ ነው ብዬ ተውኩት። ክረምቱ ሞላልኝ። መስከረም ላይ ሰው እየጠራሁ አሳየሁ። ከዚያ በየቀኑ ሁለት ጣት ያህል ይጎድል ጀመር። ፀሐይ ብቻዋን በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብታተን እንኳ ከዚያ ስፋት 12,000 ሊትር ይሄዳል፤ ይህ 600 ጀሪካን ነው፣ ሰው ለአንዲት ጀሪካን በሚሰለፍበት ከተማ። ትነቱን አስቀድሜ አላሰላሁትም። ስርገቱ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር።

ኅዳር ላይ የባሰውን አደረግሁ። ሌሊት ከታች ካለችው ምንጭ ውኃ በፓምፕ ሳብኩ። ጠዋት ከብት ሊያጠጡ የወረዱት እረኞች ጭቃ አገኙ። ማን እንዳደረገው ሲጠያየቁ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ኩሬውም ታኅሣሥ ሳይጋመስ ደረቀ።

ያቺን እናት ፈልጌ ሄድኩ። ረግረጉ ዳር፣ ከአባቴ ይዞታ ታችኛው ጫፍ፣ ጉልበታቸው ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ጭቃ እየዛቁ አገኘኋቸው። ዝናቡ ከሁለት ጎን ወርዶ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ ስሩ ሁሉ ዋልካ። ቀድሞ ማየት የነበረብኝ መሬት እሱ ነበር። «እማማ፣ ያኔ ባለመስማቴ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁንስ እዚህ ልትቆፍር ነው?»

«ቢሆን ብዬ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ጭቃዬን ከየት ላምጣ?»

መሬቱ በእሳቸው ስም አይደለም። በማንም ሸክላ ሠሪ ስም ሆኖ አያውቅም። ወጥተው ከረጢቱን ሊያዝሉ ሲሉ ከእጃቸው ተቀበልኳቸውና እስከ ደጃቸው ተሸከምኩ። ለጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁም።